ልጅ ኢያሱ በኃያላን ሽኩቻ መካከል

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ የአሜሪካ ታሪክ ኮርስ ነው ብል ላታምኑኝ ትችላላችሁ፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን ለክፍሉ አንድ ጥያቄ ሰጡን። የአውሮፓ ኃያላን እርስ በርስ ሲፎካከሩ በመሃል የተገኘ ሕዝብ ወይም መሪ መቼ ያተርፋል፣ መቼስ ይከስራል የሚል ነበር። እኔም እንደማንኛውም ተማሪ ማስታወሻዬን ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ ጻፍኩ። እንግሊዝና ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1754 እስከ 1763 በሰሜን አሜሪካ መሬት ላይ ተዋጉ፤ ፈረንሳይ ተሸንፋ ካናዳን ለቀቀች። ቂሟን ግን አልረሳችም። አሥራ ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች በእንግሊዝ ላይ ሲነሱ ገንዘብ፣ ባሩድና ጦር ሰጠቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1781 የእንግሊዝ ጦር ዮርክታውን ላይ ተከቦ እጁን ሲሰጥ በባሕር በኩል መውጫ ያሳጣው የፈረንሳይ መርከብ ኃይል ነበር። አሜሪካኖች ነፃነታቸውን በራሳቸው ደም ብቻ ሳይሆን በሁለት ባላንጣዎች ጠብም አገኙት ማለት ነው።

በዚያው ወረቀት ላይ ስለ ቴከምሴም ጻፍኩ። የሾኒ ነገድ መሪ ነበር። የወገኖቹን መሬት ከአሜሪካኖች ለማዳን ከእንግሊዝ ጋር ተሰልፎ እ.ኤ.አ. በ1813 በጦር ሜዳ ሞተ። በማግሥቱ ዓመት እንግሊዝና አሜሪካ ጌንት ላይ ሲታረቁ እንግሊዝ ለነባሮቹ ሕዝቦች የራሳቸው አገር ይከለልላቸው ስትል ያነሳችውን ጥያቄ ጥላ ወጣች። አንዱ በባላንጣዎች ጠብ አገር አቆመ፣ ሌላው በዚያው ጠብ አገር አጣ። ወረቀቱን አስረክቤ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቦቼ ስሄድ ጥያቄው አልለቀቀኝም፤ አብሮኝ አውቶቡስ ተሳፈረ።

አገሬ ሰንበቴ ናት። ለማያውቃት፣ ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው መንገድ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ከሚሴ ሲኬድ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ትገኛለች። የታወቀችው በእሑድ ገበያዋ ነው። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከምሥራቅ ይመጣል፤ የደጋው አማራ ገብስና ባቄላውን ያወርዳል፤ ኦሮሞው ከብቱንና ማሽላውን፣ አርጎባው ሽመናውን ይዞ ይቀመጣል። በዚያ እሑድ ከአያቴ ጋር ከግመል ተራ ራቅ ብለን ጥላ ሥር ሻይ እየጠጣን ነበር። ስለምን እንደማጠና ጠየቁኝ። ስለ አሜሪካ ስላቸው ሳቁ። ከዚያ በዱላቸው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋሩ በረሃ እያመለከቱ ኢያሱ የገባው በዚያ ነው አሉኝ። ሌላ ብዙ አላሉም። እኔ ግን የመምህራችን ጥያቄ መልስ እቤቴ ደጃፍ ላይ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ስለ አፄ ምኒልክና ስለ ንጉሥ ሚካኤል ስጽፍ በአንቱታ ነው፤ ኢያሱን ግን አንተ እያልኩ እጽፋለሁ። ንቄው አይደለም። አንደኛ ዘውድ ሳይጭን የወረደ ወጣት ነው፤ ሁለተኛ ደግሞ እኛ አገር ሽማግሌዎች ስሙን ሲያነሱ እንደ ቤተሰብ ልጅ ነው የሚያነሱት።

ልጅ ኢያሱ በ1887 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ተወለደ። እናቱ የምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ አባቱ የወሎው ገዥ ራስ ሚካኤል ናቸው። ራስ ሚካኤል ቀድሞ ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎን መሳፍንት ክርስትና ሲያስነሱ እሳቸውም ተጠምቀው ስማቸውን ለወጡ። እንግዲህ ልጁ በአባቱ በኩል የወሎ እስላም ባላባት ዘር፣ በእናቱ በኩል የሸዋ ነጋሢ ዘር ነው። ይህን ለእኔ ቢጤ የአካባቢው ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ዘንድ አንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ መሐመድ ሌላው ሚካኤል ሆኖ ሰርግና ለቅሶ አብሮ መዋል የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ይኸው ነገር በኋላ የክስ ወረቀት ሆነ።

አፄ ምኒልክ በሕመም ሲደክሙ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ወራሻቸው መሆኑ ታወጀ። ሞግዚት የተደረጉት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ገና አሥራ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ አገሪቱን በራሱ መምራት ጀመረ። አያቱ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. አረፉ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት አባቱ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ደሴ ላይ ዘውድ ጫኑ። የሸዋ መኳንንት ይህን በጥሩ ዓይን አላዩትም። ሥልጣን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲንሸራተት እየታያቸው ነው።

ኢያሱ እንዴት ያለ ገዥ ነበር ከተባለ መልሱ የተደባለቀ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በሰንሰለት ተቆራኝተው የሚሄዱበትን የቁራኛ ሥርዓት ለማስቀረት ሞክሯል። ትርንቡሌ የተባለውን የከተማ ዘብ አቋቁሟል። በሌላ በኩል ቤተ መንግሥት መቀመጥ አይወድም። ወራት ሙሉ ከዋና ከተማው ይጠፋል፤ ዛሬ አፋር ነው ሲሉት ነገ ሐረር ነው። የአያቱን ሹማምንት እንደ ሰቡ በጎች ይቆጥራቸው ነበር ይባላል። በየሄደበት ከባላባት ቤት ማግባቱም ብዙ አስወርቷል። እኔ በበኩሌ ይህ ሁሉ ቅብጠት ነው የሚለውን አልቀበልም። አፋሩንና ሶማሌውን በጋብቻና በጉብኝት ወደ መንግሥት ማስጠጋት ፖለቲካ ነው። ግን ደግሞ ስድስት ወር ቢሮውን የሚዘጋ ባለሥልጣን ወንበሩን ሌላ ሰው ቢቀመጥበት ማንን ይወቅሳል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ኢያሱን ለመረዳት መጀመሪያ አያቱን መረዳት ያስፈልጋል። አፄ ምኒልክ የአውሮፓን ሽኩቻ አብጠርጥረው ያውቁት ነበር። ከኢጣልያ ጋር ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ሲዋዋሉ (ውጫሌም ያው የእኛው ወሎ ናት) ከኢጣልያ ጠመንጃ ይቀበሉ ነበር፤ ከፈረንሳይም ይገዙ ነበር። የውሉ አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ ጠብ አስነስቶ ዓድዋ ላይ ሲገናኙ ከኢትዮጵያ በኩል ከተተኮሰው ጥይት ከፊሉን ያስገባችው ኢጣልያ ራሷ ነበረች። እንግሊዝ የፈረንሳይን ከአባይ አካባቢ መድረስ ትፈራለች፣ ፈረንሳይ የእንግሊዝንና የኢጣልያን ወዳጅነት ትፈራለች፤ ምኒልክ በእነዚህ ፍርሃቶች መካከል ባለው ክፍተት ይሄዱ ነበር። ልክ የአሜሪካ ዐመፀኞች በለንደንና በፓሪስ መካከል እንደሄዱት።

ታዲያ ክፍተቱ ለዘለዓለም ክፍት አልቆየም። ምኒልክ ሲታመሙ ሦስቱ ጎረቤቶች ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1906 ለንደን ላይ ተፈራረሙ። በወረቀቱ ላይ የኢትዮጵያ ነፃነት ይከበራል ይላል። ከዚያው ሥር ግን አገሪቱ የተበታተነች እንደሆነ ማን የትኛው ጥቅም እንደሚጠበቅለት ተዘርዝሯል፦ ለእንግሊዝ የአባይ ውኃ፣ ለፈረንሳይ የባቡሩ መስመር፣ ለኢጣልያ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ መሬት። ኢያሱ የወረሰው አገር ይህ ነው። አያቱ የተጫወቱበትን ሜዳ ወረሰ፤ ጨዋታው ግን ተለውጦ ነበር።

በ1906 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሳ። በአንድ በኩል እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሩሲያ፣ በሌላ በኩል ጀርመንና ኦስትሪያ ነበሩ። ቱርክ በ1907 ዓ.ም. መጀመሪያ ከጀርመን ጎን ገብታ ጂሃድ አወጀች። አዲስ አበባም ትንሽ የጦር ሜዳ ሆነች፤ የሚተኮስባት ግን ወሬ ነው። የጀርመኑ ሚኒስትር ፎን ሲቡርግና የቱርኩ ቆንስል ማዝሃር ቤይ በአንድ ወገን፣ የእንግሊዙ ሚኒስትር ዊልፍሬድ ቴሲጀር ከፈረንሳይና ከኢጣልያ አቻዎቹ ጋር በሌላ ወገን ሆነው የወጣቱን ልብ ለመሳብ ይሽቀዳደሙ ነበር። እንደ ወጉ ኢትዮጵያ ገለልተኛ ናት። ጀርመን በአፍሪካ ጥናቱ የታወቀውን ሊዮ ፍሮቤንየስን ወደ አዲስ አበባ ልካ ነበር። እሱም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1915 መጀመሪያ ምፅዋ ደረሰ። ኢጣልያኖች ግን ይዘው መለሱት። ኢጣልያ ያን ጊዜ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም።

በግንቦት 1907 ዓ.ም. ኢጣልያ ከእነ እንግሊዝ ጎን ገባች። ለእኔ የኢያሱ ዕጣ የተቆረጠው በዚህ ወር ነው፤ በኋላ በመስቀል ቀን አይደለም። ካርታውን ዘርጉና እዩት። በሱዳን፣ በኬንያና በበርበራ በኩል እንግሊዝ አለች። በጅቡቲ ፈረንሳይ፣ በኤርትራና በሞቃዲሾ በኩል ኢጣልያ አለች። እስከዚያ ድረስ አንዱን በሌላው ማስፈራራት ይቻል ነበር። ከግንቦት በኋላ ግን በኢትዮጵያ ድንበር ዙሪያ የቆሙት ሁሉ አንድ ወገን ሆኑ። ባላንጣዎቻቸው ጀርመንና ቱርክ ሩቅ ናቸው። መርከባቸው ቀይ ባሕር አይገባም፤ የባቡሩ ጫፍ ጅቡቲ በፈረንሳይ እጅ ነው። ጀርመን ለኢያሱ ተስፋ እንጂ ጠመንጃ የምታደርስበት መንገድ አልነበራትም።

ታዲያ ለምን ወደዚያ አዘነበለ? እዚህ ላይ ልጅነቱንና ሃይማኖቱን ብቻ የሚያነሱ ጸሐፊዎች ጋር አልስማማም። በ1908 ዓ.ም. የነበረውን ሰው ቦታ ላይ ራሳችንን እናስቀምጥ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በዚያ ዓመት ተሸንፈው ጋሊፖሊን ለቀው ወጡ። በሚያዝያ ኩት አል አማራ ላይ አንድ ሙሉ የእንግሊዝ ጦር ለቱርክ እጁን ሰጠ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን ለሚሰማ ሰው አሸናፊው ማን ይመስለዋል? በዚያ ላይ አገሪቱን በለንደን ወረቀት የከፋፈሏት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። የጠላቴ ጠላት ወዳጄ የሚለውን ለመማር ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ኢያሱ ያደረገውን ስንመለከት ደግሞ ዋናው ነገር ሶማሌ በኩል ነበር። ሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰን በእንግሊዝ ላይ ለብዙ ዓመት ሲዋጋ ነበር። ኢያሱ ከእሱ ጋር መልእክት ተለዋወጠ። መሣሪያ የሚጠግን አንድ ጀርመናዊም ከአዲስ አበባ ወደ ሰይዱ ሰፈር ተልኳል። ይህ ለእንግሊዝ ቀልድ አልነበረም። ሱዳን፣ ግብፅና የስዌዝ ቦይ በእጇ ናቸው፤ በኢትዮጵያ በኩል አንድ ትልቅ የእስላሞች ንቅናቄ ከተነሳ የት እንደሚቆም አታውቅም። በዚያው ዓመት በሰኔ እሷ ራሷ ዐረቦችን በቱርክ ላይ አስነስታለች። ሃይማኖትን መሣሪያ ማድረግ ኢያሱ ብቻውን የፈጠረው ነገር እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ለንደንም በርሊንም ይህንኑ ያደርጉ ነበር፤ ልዩነቱ የእነሱ በመዝገብ ቤት ውስጥ ፖሊሲ ተብሎ መቀመጡ፣ የእሱ ደግሞ ክህደት መባሉ ነው።

ነሐሴ 1908 ዓ.ም. ላይ ኢያሱ ትልቅ ስህተት ሠራ፤ ቢያንስ እኔ ስህተት እለዋለሁ። ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን ከሐረር አንስቶ ከፋ ሾመው። ሐረር የራስ መኮንን ቤት ናት። ሸዋ ውስጥ ያኮረፈ ሁሉ አሁን አንድ ራስ አገኘ። እሱ ግን ሐረር ሄዶ ተቀመጠ። ከእስላሞች ጋር መስገዱ፣ ጥምጥም ማድረጉ፣ የዘር ሐረጉን ከነቢዩ ጋር ማያያዙ ይወራ ጀመር። ጥምጥም አድርጎ የተነሳው ፎቶግራፍ ነው የተባለ ነገር ዞረ፤ እውነተኛ ነው የተቀነባበረ ነው የሚለው ክርክር አላለቀም። ሃይማኖቱን ለውጧል ወይስ አልለወጠም የሚለውን እኔ አልፈርድም። ከእስላም ቤት ገብቶ መብላትን ማተብ እንደመበጠስ የሚቆጥር ሰው ግን ሰንበቴ አንድ እሑድ ቢውል ጥሩ ነው።

በ1909 ዓ.ም. አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ቀን የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ ለጋሲዮኖች በአንድነት የተቃውሞ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ መንግሥት አቀረቡ። ስለ ሰይዱና ስለ መሣሪያው ማብራሪያ የሚጠይቅ ነበር። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ፣ መስከረም 17 በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። ኢያሱ ተሻረ፤ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ ራስ ተብሎ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ለጋሲዮኖቹ ናቸው ያወረዱት የሚሉ አሉ። እኔ እንዲህ አልልም። ሸዋዎች የራሳቸው በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ የሚኒስትሮቹ ደብዳቤ ሰዓቱን ነገራቸው፤ ከውጭ የሚቃወማቸው እንደሌለም አረጋገጠላቸው። ቴከምሴን የገደለው የአሜሪካ ጥይት ነው፤ ግን የእንግሊዝ ጦር ከዚያ ጫካ አስቀድሞ ማፈግፈጉንም መርሳት የለብንም። እዚህም ጀርመንና ቱርክ ለወዳጃቸው አንድ ጥይት ሊልኩለት አልቻሉም።

ኢያሱ ከሐረር በኩል ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ሞክሮ ሚኤሶ ላይ ተመታና ወደ አፋር በረሃ ገባ። አባትየው ግን ዝም አላሉም። ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ወረዱ። ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድን ከነጦራቸው ደመሰሱ። ያን ጊዜ ሳያቆሙ ቢገሠግሡ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር ይላሉ ብዙዎች። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን በማዘናጋት ጊዜ ገዙ፤ የሸዋም ጦር ተጠናቀቀ። ጥቅምት 17 ቀን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ ሰገሌ ላይ ተገናኙ። ቀኑን ሙሉ ተዋጉ። ከሁለቱም ወገን ያለቀው ሰው ብዙ ነው፤ ወሎ ተሸነፈ፤ ንጉሡም ተማረኩ። እስረኛ እንደሆኑ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞቱ። የድሉን ሰልፍ ከእንግሊዝ ለጋሲዮን ሰዎች ጋር ሆኖ ካዩት መካከል የሚኒስትሩ የስድስት ዓመት ልጅ ይገኝበታል። ይህ ልጅ አድጎ ያው ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለው የበረሃ ተጓዥ ሆነ፤ ሰልፉንም ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ለአንዱ ልጅ የማይረሳ ትርዒት የሆነው ቀን ለእኛ አገር ስንት ቤት የለቅሶ ቀን እንደነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የኢያሱ ዘመን ረጅም ነው፤ የሚነገረው ግን አጭር ነው። ለጥቂት ጊዜ መቅደላ ላይ ተከበበ፣ አመለጠ፣ ወሎ ላይ እንደገና ተዋጋ፣ ተሸነፈ፣ አፋር ውስጥ ዓመታት ተንከራተተ። አያቴ በዱላቸው ያመለከቱት ይህን ነው። በ1913 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ተይዞ በራስ ካሣ ጠባቂነት ፍቼ ታሰረ። በ1924 ዓ.ም. አምልጦ ወዲያው ተያዘና ሐረርጌ ውስጥ ጋራ ሙለታ ተወሰደ።

በዚህ መሃል ራስ ተፈሪ የምኒልክን ጨዋታ መልሰው ጀምረውት ነበር። ጦርነቱ አልቋል፤ ባለ ድሎቹም እንደገና እርስ በርስ መጠራጠር ጀምረዋል። ክፍተቱ ተከፈተ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ፈረንሳይ ስትደግፍ እንግሊዝ ታመነታ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሠራ። እ.ኤ.አ. በጥር 1935 ፈረንሳይና ኢጣልያ ሮም ላይ ተስማሙ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሆርና ላቫል የኢትዮጵያን መሬት ለሙሶሊኒ ቆርሰው ለመስጠት ፓሪስ ላይ ተነጋገሩ። ሦስቱ አንድ ሲሆኑ ተፈሪም እንደ ኢያሱ ሆኑ።

ኢያሱ ይህን አላየም። ሆርና ላቫል ከመገናኘታቸው ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም.፣ በአርባ ዓመቱ ግድም በእስር ቤት ሞተ። እንዴት እንደሞተ የተለያየ ነገር ይነገራል። በ1909 ዓ.ም. የተቃውሞውን ደብዳቤ ከፈረሙት ከሦስቱ አንዷ የነበረችው ኢጣልያ በወረራው ጊዜ የእሱን ስም ለፕሮፓጋንዳዋ መጠቀሟ ግን የታወቀ ነው። ያወረደችውን ሰው በሌላው ላይ ልታነሳው ፈለገች። መቃብሩ የት እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። አያቴን ጠይቄያቸው ነበር፤ እሳቸው የሚያውቁት የገባበትን አቅጣጫ ብቻ ነው።